ውጅግራ ይጥላል፣ ክላሽ ያልፋል

በ2004 ዓ.ም ለቤተሰብ ጉዳይ ሰቆጣ ሄጄ ነበር። በሁለት ቀን ያልቃል የተባለው ጉዳይ ሳምንት ፈጀ። መቼም የአገራችን ጉዳይ ልማዱ ነው። እኔም ሥራ የፈታ ሰው እንደሚያደርገው ከገበያ ወደ ጠላ ቤት፣ ከጠላ ቤት ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ስመላለስ ሰነበትኩ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጠላ ቤት ውስጥ ከጽጽቃ በኩል ለገበያ ከመጡ አንድ አዛውንት አጠገብ ተቀመጥኩ። ዕድሜያቸው ሰማንያን የተሻገረ፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው ጭሯቸውን የያዙ ቀጭን ሰው ናቸው። ትይዩአችን የተቀመጠው ጎረምሳ ክላሽንኮቩን ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ ስንት እንደገዛው፣ ስንት ቢሰጡት እንደማይሸጠው ለጓደኞቹ ያወራል።

አዛውንቱ ጠመንጃውን ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ በዓይናቸው ለኩት። ከዚያ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ይኼ ለሰው ነው እንጂ ለአውሬ አይሆንም» አሉኝ።

«አባቴ፣ ሰው የገደለ እንዴት አውሬ መግደል ያቅተዋል?» አልኳቸው።

«አላቃተውም። መግደሉንማ ይገድላል። አይጥልም ነው የምልህ ልጄ። ውጅግራ ይጥላል። ምንሽር ይገድላል። ክላሽ ያልፋል። ያለፈበት ድኩላ ሮጦ ገደል ይገባል። አንተም ሥጋውን አታገኘው፣ እሱም ሞቱን ቶሎ አያገኘው።»

ይህን ብለው ጠላቸውን ተጎነጩ። እኔ ግን ጠላዬን ረሳሁት። ምክንያቱን ልንገራችሁ። ብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስለ ፉከራና ቀረርቶ ያላልኩት ነገር የለም። ምጣኔውን ቆጥሬያለሁ፣ ቤት አመታቱን አሳይቻለሁ፣ ስለ ጀግንነት እሴት ለፍልፌያለሁ። በየፉከራው ውስጥ የሚደረደሩትን የጠመንጃ ስሞች ግን የግጥሙ ጌጥ አድርጌ አልፋቸው ነበር። አንድም ተማሪ «መምህር፣ ለምን ይኼ ሁሉ ስም አስፈለገ?» ብሎ አልጠየቀኝም። ደግነቱ አልጠየቀኝም፤ ብጠየቅ መልስ አልነበረኝም። ለካ እያንዳንዱ ስም የራሱ ስፋት፣ የራሱ ክብደት፣ የራሱ ጠባይ ያለው ዕቃ ነው። ለካ ስሙን የጠራው ፎካሪ ምርጫ እየነገረን ነበር።

እስቲ ስሞቹን እናገላብጣቸው። «ነፍጥ» ራሱ ከዐረብኛ የመጣ፣ ከሚነድ ነገር ጋር የተያያዘ ቃል ነው። ሌሎቹ ስሞች በአብዛኛው የፋብሪካና የፈልሳፊ ስሞች ሆነው ገብተው፣ በእኛ አፍ ተሽተው አማርኛ ሆነው የቀሩ ናቸው። «ሰናድር» የእንግሊዙ ስናይደር ነው። «ውጅግራ» ፈረንሳዮች ፉዚ ግራ የሚሉት ነው፤ ፉዚ ማለት ጠመንጃ፣ ግራ ደግሞ የሠራው መኮንን ስም። «ምንሽር» የኦስትሪያው ማንሊኸር ነው። «ቤልጅግ» በቤልጅግ አገር የተሠራው ነው። እንዲህ ያለውን የቃል ጉዞ ቋንቋ አስተማሪ ይወደዋል። አዳኝ ግን ስለ ስሙ አይጨነቅም። የሚጨነቀው በአፈሙዙ ስለሚወጣው ነገር ነው።

የሚወጣው ነገር እንግዲህ ይህን ይመስላል። የሰናድር አረር ስፋቱ 14.7 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 31 ግራም ገደማ ነው። የውጅግራ 11 ሚሊ ሜትርና 25 ግራም። የምንሽር 8 ሚሊ ሜትርና ወደ 16 ግራም። ጣልያን በ1928 ዓ.ም ይዞት የመጣው ካርካኖ 6.5 ሚሊ ሜትርና 10.5 ግራም። የክላሽንኮቭ ጥይት ደግሞ ስፋቱ 7.62 ሚሊ ሜትር ሲሆን ክብደቱ ስምንት ግራም እንኳ በቅጡ አይሞላም። በመቶ ዓመት ውስጥ አረሩ ከአውራ ጣት ወደ ትንሽ ጣት ወረደ ማለት ነው። ታዲያ ለምን ቀነሰ? ያነሰው ነገርስ እንዴት የበለጠ አስፈሪ ሆነ?

ከዚህ በፊት ግን አንድ ነገር። ስለ ጠመንጃ ምርጫ በዋግ ምድር ተቀምጦ ማውራት ቀላል ነገር አይደለም። ዋግ በጠመንጃ ምርጫ ዘውድ ያጣ አገር ነው።

ታሪኩ ይታወቃል፤ ቢሆንም ላስታውሳችሁ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር መቅደላ ድረስ ዘልቆ ሲመጣ ወታደሮቹ የያዙት አዲሱን ሰናድር ነበር። ሰናድር ከኋላው የሚጎረስ፣ በደቂቃ እስከ አሥር ጊዜ የሚተኮስ ጠመንጃ ነው። የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ደግሞ ባሩዱን በአፈሙዝ አፍስሰው፣ አረሩን በዘንግ ጠቅጥቀው የሚተኩሱ ነበሩ። በእሮጌ ሜዳ ላይ የሆነው ሆነ። ናፒየር አገሩ ሲመለስ መንገድ ለለቀቀለትና ስንቅ ላቀረበለት ለትግራዩ ደጃዝማች ካሣ ምርጫ 12 መድፍና 850 ያህል ጠመንጃ ትቶለት ሄደ።

ልብ በሉ፤ የተዋቸው ጠመንጃዎች ሰናድር አልነበሩም። ብልጡ እንግሊዝ ሰናድሩን ይዞ ሄዶ፣ አብዛኛው በአፈሙዝ የሚጎርሰውን የቆየ ዕቃ ነው የሰጠው። በዚያው ዓመት ዋግሹም ጎበዜ «አፄ ተክለ ጊዮርጊስ» ተብለው ነገሡ። አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ቴዎድሮስ ሰቅሎባቸው ነበርና ዙፋኑ ለእሳቸው ክብርም ካሣም ነበር። የካሣን እኅት ድንቅነሽን አግብተው ነበርና የሚዋጉት ከአማታቸው ልጅ ጋር ነው። ሐምሌ 1863 ዓ.ም አድዋ አጠገብ አሳም ላይ ገጠሙ። ታሪክ ጸሐፊዎች የተክለ ጊዮርጊስን ጦር 60 ሺህ፣ የካሣን 12 ሺህ አድርገው ይገምቱታል። አምስት ለአንድ!

አምስቱ ተሸነፉ። ንጉሡ ተማረኩ፣ ዓይናቸው ጠፋ፣ በእስር ሞቱ። ካሣ በጥር 1864 ዓ.ም አክሱም ላይ «ዮሐንስ አራተኛ» ተብለው ነገሡ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ ሲተርክ «የእንግሊዝ መሣሪያ ነው ያሸነፈው» ይላል። ግማሽ እውነት ነው። 850 አሮጌ ጠመንጃ ብቻውን 60 ሺህ ሰው አይመልስም። ካሣ ግን ሌላም ነገር ነበራቸው፤ ጆን ኪርካም የሚባል ከናፒየር ዘመቻ የቀረ እንግሊዛዊ። ይህ ሰው ወታደሮቹን አሰልፎ እንዲተኩሱ፣ ተራ ጠብቀው እንዲጎርሱ፣ መድፉን በቦታው እንዲያቆሙ አስተማራቸው። አንድ ዓይነት ጠመንጃ የያዙ፣ አንድ ዓይነት ጥይት የሚካፈሉ፣ በአንድ ቃል የሚተኩሱ ሰዎች ሆኑ። የጥይት ነገር ስፋት ብቻ እንዳልሆነ ዋግ ከሁሉ ቀድሞ፣ ከሁሉ በላይ ዋጋ ከፍሎ ተማረው።

ከዚያ በኋላ ጎርፉ መጣ። በ1868 ዓ.ም ጉንደትና ጉራ ላይ ግብፆች ሲሸነፉ በሺዎች የሚቆጠር ረሚንግተን ጠመንጃ ተማረከ። በደቡብም ምኒልክ ከፈረንሳይ፣ ከጣልያን፣ ከማንም ይገዙ ነበር። እዚህ ላይ ሥነ ጽሑፍ አስተማሪነቴ አያስችለኝም። በ1879 ዓ.ም ለምኒልክ ጠመንጃ ይዘው ከመጡት ነጋዴዎች አንዱ ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ነው። ቅኔውን በሃያ ዓመቱ እርግፍ አድርጎ ትቶ፣ ወደ ሁለት ሺህ የሚጠጋ ጊዜው ያለፈበት ጠመንጃ በግመል ጭኖ ከታጁራ ሸዋ ገባ። ምኒልክ ዕቃውን አይተው ዋጋውን ቆራርጠው፣ ያሰበውን ትርፍ ሳያገኝ መለሱት። ተማሪዎቼ ስለ ራምቦ ግጥም ብዙ ነገር ረስተዋል፤ ይህችን ግን አንድም የረሳ የለም። የእኛ ሰው ጠመንጃ አይቶ መምረጥ እንደሚችል ባለቅኔው በኪሱ ተማረ።

ፈረንሳይ ውጅግራን ለጦሯ የመረጠችው እ.ኤ.አ. በ1874 ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ብቻ ቆይታ ጭስ የሌለውን ባሩድና 8 ሚሊ ሜትሩን ለቤል አወጣች። ወዲያው በየግምጃ ቤቱ የተከመረው ውጅግራ ለአውሮፓ አሮጌ ብረት ሆነ። ለእኛ ግን አዲስ ነበር። በ1888 ዓ.ም ዋግሹም ጓንጉል የዋግን ሰው ይዘው አድዋ ሲዘምቱ፣ በኢትዮጵያ ሠራዊት እጅ ከነበሩት ጠመንጃዎች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉ ወፍራም እርሳስ የሚተፉ ነበሩ።

አሁን ወደ አዛውንቱ አባባል ልመለስ። «ውጅግራ ይጥላል» ማለት ምን ማለት ነው?

የውጅግራ አረር ልባስ የሌለው እርሳስ ነው። እርሳስ ለስላሳ ነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ ነው፤ ለጥይት ዝግታ ነው። የአውሬው ትከሻ ላይ ሲያርፍ እርሳሱ ይደፈጠጣል፣ ይሰፋል፣ ያለ የሌለ ኃይሉን እዚያው ገላው ውስጥ ይጥላል። ድኩላው ባለበት ይወድቃል። ችግሩ መንገዱ ነው። አረሩ ከባድና ዘገምተኛ በመሆኑ በአየር ላይ እንደ ተወረወረ ድንጋይ ይጎብጣል። ከመቶና ከመቶ ሃምሳ እርምጃ ከራቀ ግምት ነው። በዚያ ላይ ጥቁሩ ባሩድ እንደ ጎጆ ቃጠሎ ይጨሳል፤ ጭሱ እስኪገለጥ የመታኸውን አታይም፣ አውሬው ግን አንተን ያይሃል።

ምንሽርና መሰሎቹ ጭስ በሌለው ባሩድ መጡ። ፍጥነቱ ሲጨምር ግን እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ መላጥ ጀመረ። ስለዚህ በብረት ወይም በመዳብ ልባስ አለበሱት። የለበሰ ጥይት አይደፈጠጥም። ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ቀጥ ብሎ ይወጣል። ክላሽ ደግሞ በሰከንድ 715 ሜትር እየበረረ፣ ቀጭኑና ቀላሉ ሆኖ ያንኑ ያደርጋል። ሽማግሌው «ያልፋል» ያሉት ይህን ነው።

ቁጥር ለሚወዱ አንድ ነገር ልጨምር። የጥይት ጉልበት የሚሰላው በክብደቱና በፍጥነቱ ነው። የውጅግራ ጉልበት ሲሰላ ወደ 2,500 ጁል ይመጣል። ግማሽ እንኳ የማይመዝነው ካርካኖም በፍጥነቱ አካክሶ እዚያው 2,500 አካባቢ ነው። ክላሽ 2,000 ገደማ። እንግዲህ በጉልበት ብዙም አይበላለጡም። ልዩነቱ ጉልበቱን የት እንደሚያራግፉት ነው። አንዱ ድኩላው ውስጥ ያራግፋል። ሌላው ድኩላውን በስቶ ከኋላው ያለ ቋጥኝ ላይ። ይህን በፊዚክስ ክፍል አልተማርኩትም። በጠላ ቤት ነው የተማርኩት፤ ሒሳቡን ያደረስኩት በኋላ ነው።

በዓለም ላይም በዚሁ ነገር ሰው ብዙ ተከራክሯል። ከዋግ ሥር የሚፈሰው ተከዜ ወርዶ ወርዶ ሰቲት ይሆናል። በዚያ ቆላ ሳሙኤል ቤከር የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1861 መጥቶ አድኗል። ከጠመንጃዎቹ አንዱ ሩብ ኪሎ የሚጠጋ ፈንጂ አረር የሚተፋ ነበር። ሲተኩሰው ዝሆኑን ብቻ ሳይሆን ራሱን ቤከርንም ያሽከረክረው እንደነበር ጽፏል። አብረውት የነበሩት የሐምራን ዐረቦች ደግሞ ዝሆን የሚገድሉት በምን ይመስላችኋል? በሰይፍ! አንዱ በፈረስ ከፊት ሆኖ ዝሆኑን ያታልላል፤ ሌላው ከኋላ ወርዶ የቋንጃውን ጅማት ይቆርጠዋል። በአንድ ሜዳ ላይ ትልቁ መድፍና የሰው ልጅ ድፍረት ጎን ለጎን ቆመው ነበር ማለት ነው።

ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ ቤል የሚባል ስኮትላንዳዊ መጣ። በሰሜን ምሥራቅ ኡጋንዳ በካራሞጃ ስም ያወጣ ዝሆን አዳኝ ነው። በዕድሜው ከአንድ ሺህ በላይ ዝሆን ገድሏል፤ አብዛኛውን የገደለው ሌሎች አዳኞች «የሕፃን መጫወቻ» በሚሉት 7 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። ጉልበቱ ከውጅግራ እምብዛም አይበልጥም። ምሥጢሩ ምን ነበር? የሞተ ዝሆን ራስ ቅል በመጋዝ እየሰነጠቀ አንጎሉ የት እንዳለ አጠና። ከዚያም የማይደፈጠጠውን የለበሰ ጥይት ሆን ብሎ መረጠ፤ ያን ሁሉ አጥንት አልፎ አንጎል የሚደርሰው እሱ ብቻ ነውና። ለድኩላ መጥፎ የሆነው ጥይት ለዝሆን ጥሩ ሆነ። ስለዚህ «የትኛው ጥይት ይሻላል?» ብሎ ጥያቄ የለም። «ለምን?» የሚል ቃል ይቀድመዋል።

ዛሬም በሕጋዊ መንገድ የሚያድኑ ሰዎች የደረሱበት ይኸው ነው። ለአጋዘን፣ ለሳላ፣ ለቆርኪ ዓይነቱ የሜዳ አውሬ ከ7 እስከ 7.62 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ ከ10 እስከ 12 ግራም የሆነ፣ ፊቱ ለስላሳ ኋላው ጠንካራ ጥይት ይመርጣሉ። ለጎሽና ለዝሆን ብዙ የአፍሪካ አገሮች ከ9.5 ሚሊ ሜትር በታች አይፈቅዱም። ይህ «ፊቱ ለስላሳ ኋላው ጠንካራ» የሚባለው ነገርም ታሪክ አለው። ጆን ኖስለር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1946 ካናዳ ውስጥ አንድ ትልቅ የዱር አጋዘን ተኩሶ መታ። አውሬው ጭቃ ለብሶ ነበርና ጥይቱ ገና ቆዳው ላይ ፈርሶ ሳይገባ ቀረ። ሰውየው ቤቱ ገብቶ መሐሉ ላይ የመዳብ ግድግዳ ያለው ጥይት ሠራ። የፊቱ ይሰፋል፣ የኋላው ይገፋል። ይጥላልም፣ ይገባልም። የጽጽቃው ሽማግሌ የውጅግራና የምንሽር ጋብቻ ቢሉት ባልተሳሳቱ።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ የሚገርመኝን ነገር ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1899 የዓለም መንግሥታት ሔግ ላይ ተሰብስበው፣ ገላ ውስጥ ገብቶ የሚሰፋ ጥይት በጦርነት እንዳይተኮስ ቃል ገቡ። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ ደምደም በሚባል ቦታ ይሠሩት ነበርና ስሙም ደምደም ነው። ምክንያቱ ጭካኔው ነው፤ ሰውን ያለ ልክ ይቀዳድዳል። ለአውሬ ግን ተቃራኒው ነው። የሚሰፋው ጥይት ርኅራኄ ነው፤ ቶሎ ይገላግለዋል። አልፎ የሚሄደው ነው ጭካኔ። ለሰው የተከለከለው ለአውሬ ግዴታ፣ ለሰው የተፈቀደው ለአውሬ ነውር። ለምን ቢሉ፣ ሰው ቆስሎ ይድን ይሆናል፣ ሐኪም አለው። ድኩላ ሐኪም የለውም።

ስለዚህ «ይኼ ለሰው ነው እንጂ ለአውሬ አይሆንም» የሚለው የሽማግሌው ቃል ተራ የጠላ ቤት ወሬ አይደለም። ሔግ ላይ ብዙ ዲፕሎማት ተሰብስቦ የጻፈውን ከወዲያ በኩል ማንበብ ነው።

ከሽማግሌው ጋር ብዙ አወጋን። በልጅነታቸው አባታቸው ለአደን ሲልኳቸው ሁለት ጥይት ቆጥረው ይሰጧቸው ነበር። ሁለት ብቻ። ሲመለሱ ወይ ጥይቱን፣ ወይ ሥጋና ቀለሁን ያስረክባሉ። ቀለህ አይጣልም፤ ባሩድና እርሳስ ተሞልቶ ተመልሶ ይተኮሳል። እንዲህ መሆኑ አያስገርምም። በየገበያው ጥይት እንደ አሞሌ ጨው በገንዘብ ምትክ የሚሠራበት ዘመን ነበር። ጥይት የተኮሰ ሰው ብር ነው የተኮሰው። ሳያጣራ ማን ይተኩሳል? ሽማግሌው እንደነገሩኝ፣ አፋፍ ለአፋፍ በደረታቸው እየተሳቡ፣ ነፋሱን እየጠበቁ፣ ሰማንያ እርምጃ ሳይደርሱ ቃታ አይስቡም። እርጉዝ ከሆነች ይተዋታል። ሚዳቋ ከሆነች «ጥይቱን አታወጣም» ብለው ይተዋታል። ድህነቱ ሕግ ሆኖላቸው ነበር።

ይህ ሕግ የፈረሰው ጥይት ሲረክስ ነው። ጥይት የሚረክሰው ደግሞ በጦርነት ነው። በ1928 ዓ.ም ጣልያን ገባ። የዋግና የላስታ ሰው በ1929 ሸፈተ። የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በመስከረም 1930 ተይዘው አንገታቸው ተቆረጠ። በአምስቱ ዓመት መሣሪያና ጥይት በየገደሉ ተበተነ። ከተከዜ ማዶ ሰሜን ተራራ ላይ ዋልያው ዋጋውን ከፈለ። በሌላ በየትም ዓለም የሌለው አውሬ፣ ገደል ለገደል እየዘለለ ከጦርና ከወንጭፍ ሲያመልጥ የኖረው፣ ሦስትና አራት መቶ እርምጃ ከሚደርስ ጥይት ማምለጥ አልቻለም። በሚያልፍ ጥይት የተመታ ዋልያ ደግሞ የሚወድቀው ከገደሉ ሥር ነው፤ ማንም አያነሣው። በ1950ዎቹ ቁጥሩ ሲገመት ሁለት መቶ እንኳ አልደረሰም። ፓርኩ በ1962 ዓ.ም በሕግ ተቋቁሞ፣ ከዓለም ቅርሶችም ተመዝግቦ፣ ዋልያው ከመጥፋት ለጥቂት ተረፈ። በቅርብ ዓመታት ግን ቁጥሩ መልሶ አሽቆልቁሏል።

አገሪቱ ሕግ አጥታ አይደለም። ምኒልክ በ1901 ዓ.ም ገደማ አደንን የሚገድብ ደንብ አውጥተዋል። ከጣልያን መባረር በኋላ በ1930ዎቹ የአውሬ ጥበቃ አዋጅ ወጥቷል። ዛሬም በአርሲና በባሌ ተራሮች ደጋ አጋዘን ለማደን የውጭ ሰው በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይከፍላል፤ ጠባቂ አብሮት ይሄዳል፣ ዕድሜው ያልገፋ ወንድ ከመታ ይጠየቃል። ያቆሰለውንም እንደገደለ ይቆጠርበታል። ወደዱም ጠሉም፣ የሽማግሌው አባት ሁለት ጥይት ቆጥረው የሰጡት ሕግ በዶላር ተመልሶ መጣ ማለት ነው። ጥይት ሲወደድ ሰው ያስባል።

እኛ ጋ ግን ጥይት መወደዱን ተወ። በ1983 ዓ.ም ትልቅ ሠራዊት ሲበተን መሣሪያው ወደ ገበያ ወጣ። በ2012 ዓ.ም የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ወጣ። ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በ2013 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ተጀመረ። ዋግ መሐል ላይ ነበር። ሰው ሞተ፣ ተፈናቀለ፣ ተራበ። ያን ሁሉ ስሰማ የጠላ ቤቱ ጎረምሳ ትዝ ይለኝ ነበር። በሕይወት ካለ ዛሬ ጎልማሳ ነው።

ያን ቅዳሜ ልንለያይ ስንል ሽማግሌውን አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቅኳቸው። «አባቴ፣ ሁሉም ጠመንጃ ፊትዎ ቢደረደርና አንዱን ይዘው አደን ይውጡ ቢባሉ የቱን ያነሣሉ?»

ሳቁ። «እግሬን ነዋ!» አሉኝ። «እስከ ሰማንያ እርምጃ የሚያደርስህ እግርና ትዕግሥት ካለህ ማንኛውም ይበቃሃል። እሱ ከሌለህ ማንኛውም አይበቃህም።» ከዚያ ፊታቸው ዳመነ። «አሁንማ እግሩም የለ፣ ድኩላውም የለ። በልጅነቴ ከቤታችን ሥር ባለው ሸለቆ ሰስ ታየኝ ነበር። ልጆቼ ሰስ የሚያውቁት በስም ነው። የልጅ ልጆቼ ስሙንም አያውቁት።»

ጎረምሳው ሒሳቡን ከፍሎ ተነሣ። ክላሹን ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ካዝናው ሠላሳ ጥይት ይይዛል፤ የሽማግሌው አባት አሥራ አምስት አደን የሚልኩበት ማለት ነው። እስከ ተከዜ ድረስ ባለው አገር ግን ይህ ሁሉ ጥይት የሚጠብቀው አውሬ የለም። ሽማግሌው በበሩ እስኪወጣ በዓይናቸው ሸኙት፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ደገሙልኝ።

«አላልኩህም? ለሰው ነው።»